በነፋሱ ውስጥ ፍየል የጠራው

ሩዴሲንዶ ታልኬንካ ሞቶ የተገኘው ሶንዳ የሚሉት ትኩስ ነፋስ ትንፋሹን ለአፍታ በያዘበት ማለዳ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ካለው የድንጋይ ገንዳ ሥር ነበር። አሸዋ እስከ ወገቡ ለብሶታል። መጀመሪያ ያየችው ልጁ ሶይላ ናት። ነፋስ ያመጣው አሮጌ ጆንያ መስሏት በእግሯ ገፋ ልታደርገው ስትል የአባቷን ጫማ አወቀች። ጩኸቷን ሰምተው ባሏ ዳማሶ ከቤት፣ አጎቷ ካንዴላሪዮ ደግሞ ከግቢው ማዶ ካለች ጎጆው ሮጠው መጡ። ከከተማ የመጣችው እንግዳቸው ዶክተር ኢርማ ብሩኔቲ ከደጃፉ ፈቀቅ ሳትል አፏን በመዳፏ ከድና ቀረች።

ሳጅን ኤድልሚራ ፔላይታይ ስትደርስ ሬሳውን ገና ማንም አላነሳውም ነበር።

«እንኳን አልነካችሁት» አለች ከአሮጌ መኪናዋ እየወረደች። አጭርና ደልዳላ ሴት ናት። በደረቀው በጓናካቼ ሐይቅ ዳርቻ ተወልዳ እዚያው ፀጉሯ የሸበተ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ የምታውቅ። «በሉ ፈቀቅ በሉልኝ። ይሄ ነፋስ ገና አልጨረሰም።»

«ነፋሱ ጥሎት ነው፣ ሳጅን» አለ ዳማሶ። «ፍየሎቹን አስገብቶ ሲመለስ አደናቀፈው። ጭንቅላቱን ገንዳው መታው።»

«አየኸው?»

«አላየሁም። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው።»

ሳጅኗ ተንበረከከች። የሟቹ ራስ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ደሙ በአሸዋ ታሽቶ ጠቁሯል። ቀስ ብላ ሬሳውን ወደ ጎን መለሰችው። የደረበው ፖንቾ ከላይ በኩል አሸዋ ጠግቦ ከብዷል፤ በተኛበት በኩል ግን ንጹሕ ነው። መሬቱንም በመዳፏ ዳበሰችው። ከሥሩ ያለው ጨዋማ ደረቅ ምድር እንደ ተጠረገ ወለል ራቁቱን ነበር። ከሬሳው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ያለው ግን ጣት የሚያሰምጥ አሸዋ ነው።

ብድግ አለችና ወደ ጋጣው ተመለከተች። ፍየሎቹ ሁሉ ውስጥ ናቸው። በሩ ከውጭ በገመድ ታስሯል። በሩን የሚያስር ሰው ክንዱን ቢዘረጋ ገንዳውን ይነካል።

«ጋጣውን ዛሬ ጠዋት የነካ አለ?»

«ማንም» አለች ሶይላ እያለቀሰች። «ማን ትዝ ብሎት።»

በኮርዲዬራው ተራሮች በኩል ሰማዩ ደፈረሰ። ሬሳውን ተሸክመው ጓዳ አስገብተው፣ በሩን መልሰው ሳይጨርሱ ሁለተኛው ሶንዳ ቤቱን መታው።

ሶንዳ እንደ ሌላ ነፋስ አይደለም። ይተኩሳል። ጉሮሮ ያደርቃል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ወንድም ከወንድሙ ያጣላል። ሶይላ ጨርቅ እየነከረች በበሩና በመስኮቱ ስንጥቅ ሁሉ ወተፈች፤ ጨርቁ ከመቼው ደርቆ አቧራው እንደ ጭስ ይገባ ጀመር። በእኩለ ቀን ፋኖስ በራ። ሳጅኗ ከጣቢያዋ ጋር ለመነጋገር ሬዲዮዋን ሞከረች፤ ከማፏጨት በቀር ምንም አልመለሰላትም።

«እንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም እንዳይወጣ» አለች።

«ልውጣ ቢልስ ወዴት ይወጣል?» አለ ካንዴላሪዮ በለስላሳ ድምፁ። በጥግ በኩል ቁጭ ብሎ ከአልጋሮቦ ዛፍ ፍሬ ዱቄት የተጋገረ፣ ፓታይ የሚሉትን ቂጣ በእጁ ይፈረፍራል። ይፈረፍራል እንጂ አይበላም።

ሳጅኗ ወጥ ቤቱን ያዘችና አንድ በአንድ ታስጠራቸው ጀመር። መጀመሪያ ሶይላ ገባች።

«ንገሪኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

«ምኑን ልንገርሽ እትዬ ኤድልሚራ? ትናንት ሰማዩ ሲደፈርስ ‹ፍየሎቹ ሜዳ ላይ ናቸው› ብሎ ወጣ። ወዲያው ነፋሱ ተነሳ። ዳማሶ ራሱ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ድንች ቆርጬ ግንባሩ ላይ ሳስርለት አባቴ ፍየሎቹን ሲጠራ ሰማሁት። ቃጭላቸውም ተሰማኝ። ተመስገን፣ ገቡለት አልኩ። ከነሱ ጋር ጋጣው ውስጥ ይጠለላል ብዬ ተውኩት። ምናለ በወጣሁ ኖሮ!»

«ጥሪውን ስትሰሚ ነፋሱ ገና ጀማሪ ነበር?»

«የምን ጀማሪ! ፋኖስ አብርቼ'ኮ ነው ድንቹን የቆረጥኩት። ቆርቆሮው ሊገነጠል ደርሶ ነበር።»

«እስቲ ጥሪውን አሰሚኝ።»

«እ?»

«አባትሽ እንዴት ጠራ?»

ሶይላ አፈረች። ከዚያ ድምፅዋን አቀጠነችው። «የሱ ጥሪ ‹ታካ ታካ ታካ› ነው። ከአያቱ የወረሰው ነው፤ ዶክተሯም ቀድታዋለች።»

«የሱን አላልኩሽም። ትናንት የሰማሽውን።»

ዐይኗ ወደ ፋኖሱ ሄደ። «ትናንት እንኳ… ‹ቼም፣ ቼምአ› የሚል ነገር ነው። ነፋሱ ነው ያጣመመው ብዬ…»

ሳጅኗ የማቴ ሻዩን ቅል ወደ አፏ ወሰደችና ቀዝቅዞ ስላገኘችው መልሳ አስቀመጠችው።

ዳማሶ ሲገባ ድንቹ ገና ግንባሩ ላይ ታስሮ ነበር።

«አትሳቂብኝ፣ ሳጅን። ይሠራል።»

«ማን ሳቀ? ይልቅ ከአማትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንዲያው ልዋሽሽ? ለስድስት ዓመት እንዲሞትልኝ ጸልያለሁ።» ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ከተማ ውስጥ ጋራዥ ሥራ አለኝ፣ ቤት አለኝ። ሻንጣ ባሰርን ቁጥር ሰውየው ደረቱን ይዞ ይተኛል። ሶይላ ታለቅሳለች፣ ሻንጣው ይፈታል። መኪናዬ ሲርቅ ደግሞ ተነስቶ ፍየል ያልባል! ጎረቤት ነው የነገረኝ። እሷን እዚህ ቀብሯት ነበር፣ ሳጅን። ግን መጸለይና መግደል አንድ ነው?»

«አንዳንዴ ጎረቤታሞች ናቸው። ፍየሎቹስ ይወዱሃል?»

«እኔን? የሞተር ዘይት እሸታቸዋለሁ መሰለኝ፣ ገና ሳያዩኝ ነው የሚፈረጥጡት።»

ዶክተሯ በሦስተኛነት ገባች። መነጽሯን ብትወለውል ብትወለውል አቧራው አልለቅ ብሏታል። ዋርፔ የሚባሉትን የአገሩን ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የምታጠና ናት። ቋንቋው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል ይባላል። ሁለት፣ በከፊል የሚግባቡ መልኮች ነበሩት፤ በሐይቁ ሰሜን አልየንቲያክ፣ በደቡቡ ሚልካያክ። ሩዴሲንዶ በአባቱ በኩል ካለ አያቱ የቀሩት የሰሜኑ ቃላት፣ የአልጋሮቦ ለቀማ ምርቃትና የእንስሳት ጥሪዎች እንዳሉት ስትሰማ የድምፅ መቅጃ መሣሪያዋን ሸክፋ መጥታ ነበር።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል» አለች ሳጅኗ።

«ከትናንት በስቲያ። ከደቡቡስ የሚያስታውስ አለ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው ተቆጡ። ‹የደቡቡ የፍየል ሳል ነው፤ የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ፣ ከኔ ሌላ የለም› አሉኝ። መሣሪያዬን ሊሰብሩት ነበር።»

«በደቡቡ ‹ኑ› ምን ነበር የሚባለው?»

«‹ኬቸማ›። አንድ ቄስ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጽፎት ነው የምናውቀው።»

ሳጅኗ ቀና አለች። «ይህን ቃል ዛሬ በሕይወት ያለ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ። ከኔ ሌላ ደግሞ ጥቂት አጥኚዎች፤ እነሱም ባሕር ማዶ ናቸው።» ፈገግ ልትል ነበር። ፈገግታው መንገድ ላይ ቀረ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«ነፋሱ ሲበረታ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ ውስጥ። መሣሪያዬን በብርድ ልብስ እየጠቀለልኩ።»

«ማን አየዎት?»

«ማንም» አለች ዶክተሯ፤ መነጽሯ ከእጇ ወደቀ።

ካንዴላሪዮ ሲገባ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እስኪፈቀድለት የሚቆም ሰው ነው፤ ሰባ ሊሆነው ነው፣ እስከዛሬ ግን ሲቆጣ ያየው የለም።

«ይቀመጡ፣ ዶን ካንዴላሪዮ። ወንድምዎን እግዚአብሔር ያሳርፍ።»

«አሜን።»

«ትናንት?»

«ሰማዩ ሲጠቁር ጎጆዬን ዘግቼ ተኛሁ። አልወጣሁም። ምንም አልሰማሁም።»

«ፍየሎቹን ማን ነው የሚጠብቅ?»

«ተራ አለን። አንድ ሳምንት እሱ፣ አንድ ሳምንት እኔ።»

«እናታችሁ ከደቡቡ ዳርቻ ነበረች አይደል? ስትሞት ሕፃኑን እርስዎን የእናትዎ እናት ወሰደችዎት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ልክ ነው። የወተት ጥርሴን የነቀልኩት እዚያ ነው። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አባቴ መልሶ ወሰደኝ።»

«የአያትዎን ንግግር ያስታውሳሉ?»

ካንዴላሪዮ ፍርፋሪውን ከመዳፉ ወደ መዳፉ አፈሰሰው። «አያቴ ብዙ አታወራም ነበር» አለ።

ነፋሱ እስከ ማግስቱ አልበረደም። ሬሳው ጓዳ፣ ሕያዋኑ ሳሎን፤ አየሩ እየከበደ ሄደ። ውሃው ወደ ማለቁ ነው፤ ጉድጓዱ ቅርብ ቢሆንም የሚደፍር የለም። ሁሉም የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ አብሯቸው ከዚያው ጆግ እየጠጣ ነው። አንዱ ቢያስነጥስ አራቱ ይደነግጣሉ።

በመጨረሻ ዳማሶ ፈነዳ። «ምን እንጠብቃለን? ሶይላ የሰማችው ቃል የደቡብ ነው አሉ! እዚህ ቤት የደቡብ ቃል የምታውቅ ማን ናት? ይቺው የወረቀት አይጥ!»

«እኔ ለምን እገድላቸዋለሁ?» ዶክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «የመጣሁት ለሳቸው ነው!»

«አልሰጥም አሉሻ! መሣሪያሽን ሊሰብሩ ነበር!»

«ዳማሶ፣ ተው!» አለች ሶይላ።

«ተቀመጥ» አለች ሳጅኗ። ጮክ አላለችም፤ ዳማሶ ግን ተቀመጠ። ካንዴላሪዮ ተነስቶ የራሱን ውሃ ለዶክተሯ ሰጣት። «ጠጪ፣ ልጄ» አላት። «አንቺ አይደለሽም።» ሳጅኗ ይህን ሰምታ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ እንደ መጣ ድንገት ሄደ። በሩን ሲከፍቱ ጸጥታው ጆሮ ይወጋ ነበር።

«ሁላችሁም ወደ ጋጣው» አለች ሳጅኗ። የጋጣውን ገመድ ፈታች። የተራቡት ፍየሎች እየተጋፉ ወጡና በአሸዋው ላይ ብቅ ያሉትን የጨው ቁጥቋጦዎች ተከትለው ሜዳው ላይ ተበተኑ። አራቱ ሰዎች ገንዳውን ከበው ቆሙ። ማንም የማንንም ዐይን አላየም።

«ሰውየው ነፋስ አልጣለውም» አለች። «የወደቀው ነፋሱ አሸዋ ከማምጣቱ በፊት ነው። ከሥሩ አንዲት ፍሬ አሸዋ አልነበረም። ከወገቡ በታች የለበሰው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። ሶይላ ጥሪውን የሰማችው ግን ፋኖስ ከበራ፣ ቆርቆሮው ሊገነጠል ከደረሰ በኋላ ነው። ሩዴሲንዶ ያኔ እዚህ ተኝቷል። የሞተ ሰው ፍየል አይጠራም።»

ሶይላ የባሏን እጅ ጨበጠች።

«ታዲያ የጠራ ሰው አለ። ጠርቶ አስገብቷቸዋል፤ በሩንም አስሯል። በሩን ያሰረ ሰው ሬሳውን ሳይረግጥ ማለፍ አይችልም። አይቶ ለምን አልጮኸም? የሚያጮኽ አዲስ ነገር ስላልሆነበት ነው።»

«ዳማሶ ከኔ ጋር ነበር!» አለች ሶይላ።

«የሚስት ምስክርነት እኔ ዘንድ ብዙ አይመዝንም፤ የፍየል ግን ይመዝናል። ዳማሶ፣ እስቲ ጥራቸው።»

«እንዴት?»

«እንደፈለግህ።»

ዳማሶ አፏጨና አጨበጨበ። ቅርብ ያሉት ፍየሎች ጅራታቸውን ቀስረው ሸሹ። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

«በዚያ ነፋስ እንኳን ሊያስገባ ጨርሶ ያጠፋቸው ነበር። ዶክተር፣ አሁን እርስዎ። ያንን የቄሱን ቃል።»

ዶክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኬቸማ!» አለች። ከዚያም ጮክ ብላ ደገመችው። «ኬቸማ!»

ፍየሎቹ ቀና እንኳ አላሉም።

«የወረቀት ቃል ነው» አለች ሳጅኗ። «ወረቀት ላይ ያለ ቃል አያረጅም። ሶይላ የሰማችው ግን ያረጀ ነው፤ በአፍ ብዛት ጫፉ ያለቀ፣ መግቢያው የተበላ። ‹ኬቸማ› ‹ቼም› የሆነው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው። ስለዚህ የጠራው ሰው ቃሉን አላነበበውም፤ ጡት እየጠባ ነው የሰማው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፍየል ለማያውቀው ቃል አይመጣም። በዚያ ጨለማ ውስጥ መጥተዋል። እንግዲህ ይህን ቃል ለዓመታት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሲያሰማቸው የኖረ አለ። ሶይላ፣ ያንኑ የሰማሽውን አንቺ በይው።»

ሶይላ ወደ አጎቷ አየች።

«በይው፣ ልጄ» አለ ካንዴላሪዮ።

«ቼም…» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ለቀቀችው። «ቼም፣ ቼምአ!»

የሜዳው ፍየሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን አቀኑ። መጡ። ሶይላን አልፈው፣ ሳጅኗን አልፈው፣ ካንዴላሪዮን ከበቡት። አንዷ ኪሱን በአፏ ትፈልግ ጀመር፤ ሌላዋ ራሷን በጉልበቱ ታሸች። ሽማግሌው እጁን ከኪሱ አላወጣም። ወደ ታች እያየ ቆመ።

«አንቺ ስትጠይቂኝ አያቴ ብዙ አታወራም ነበር አልኩሽ» አለ ለሳጅኗ። «ኃጢአት ተናገርኩባት። ወንዝ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ እኔም እመልስላታለሁ። እዚህ ሲያመጡኝ ሌላ አፍ አልነበረኝም። ወንድሜ ሩዴ የኔን ቃል በሰማ ቁጥር እንደ ፍየል እየሳለ ልጆቹን ሰብስቦ ያስቃቸው ነበር። እራት ላይ ሳይቀር። እናቴን እንኳ በኛ ቃል ጠርቼ ሳለቅስ ሳለብኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለፍየሎቹ ብቻ ነው የተናገርኩት።»

«እና ከትናንት በስቲያ?» አለች ሳጅኗ።

«ዶክተሯ ከደቡብ የሚያስታውስ አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ በመስኮቱ ሰማሁ። ሩዴ የለም አላት። በማግስቱ እዚህ ገንዳው ጋ አገኘሁት። ‹ወንድም ጋሼ፣ ለሷ ልንገራት፣ ሳልሞት ከደረቴ ይውጣልኝ› አልኩት። ለመንኩት፣ ሳጅን። እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። እሱ… ሳለ። በዚህ ዕድሜው! አንገቱን ቀና አድርጎ ሳለብኝ። ገፋሁት።» እጁን አሁን አወጣና ተመለከተው። «አንዴ ነው የገፋሁት። አልተነሳም።»

«ለምን አልጮህክም፣ አጎቴ?» አለች ሶይላ።

«አልቻልኩም። ሰማዩ ጠቆረ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ቀረሁ። ነፋሱ ሲብስ ፍየሎቹ ሜዳ ላይ ሲጮኹ ሰማሁ። እነሱ ምን አደረጉ? ይለቁ?» ድምፁ ተሰበረ። «አፌን ስከፍት የመጣልኝ የሷ ቃል ነው።»

ዳማሶ ግንባሩ ላይ የቀረውን ድንች ፈትቶ ጣለ። ዶክተሯ ፊቷን ሸፈነች። ሶይላ ወደ አጎቷ ሄደች፤ ትመታዋለች ወይስ ታቅፈዋለች የሚለውን እሷም አላወቀችም። አጠገቡ ደርሳ ቆመች፣ ከልብሱ ላይ አሸዋውን አራገፈችለት፣ ከዚያ ዞራ ወደ ሬሳው ገባች።

መንገዱን በአካፋ አሸዋ እየጠረጉ ከፈቱት። ካንዴላሪዮን ሳጅኗ አላሰረችውም፤ ከጎኗ አስቀመጠችው። ዶክተሯ እስከ ከተማ አብራ እንድትሄድ ስለጠየቀች መሣሪያዋን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ሐይቁ የነበረበት ሜዳ ነጭ ሆኖ በሁለቱም በኩል ይሮጣል።

«ዶን ካንዴላሪዮ» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ። ድምፅዋ የለማኝ ነበር። «መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ግን…»

«አብሪው» አለ ሽማግሌው ሳይዞር።

መሣሪያው ጠቅ አለ። ካንዴላሪዮ መስታወቱን ወደ ታች ዝቅ አደረገና ወደ ሜዳው መናገር ጀመረ። መጀመሪያ እየተደናቀፈ፣ ቃሉን እንደ አሮጌ ቁልፍ እያመላለሰ። ቀጥሎ ፈጠነ። የሚጣላ መሰለ፣ የሚያባብል መሰለ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳቀ። በሕይወቱ ይህን ያህል ሲናገር የሰማው ሰው አልነበረም። ከዚያ ጉሮሮው ደርቆ አቆመ።

ሳጅኗ በመስታወት ወደ ኋላ አየች። «ምንድን ነው ያሉት?»

ዶክተሯ እንባዋን አልጠረገችም። «አላውቅም» አለች። «አራት አምስት ቃል ለየሁ። ሌላውን አላውቀውም። የሚያውቀው የለም።»

«ሩዴ ያውቀው ነበር» አለ ካንዴላሪዮ። «ግማሹን።»